ልጅነትና ለልጆች ያለን አመለካከት፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ስለ ልጅነት ሲወያዩ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዱ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ሕግን፣ ሃይማኖትንና የቤት ውስጥ ኑሮን አንድ ላይ ሳያነሡ መልስ አይገኝለትም። «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

የልጅነት ሶሲዮሎጂ ከልጆች ሥነ ልቦና በምን ይለያል?

ሥነ ልቦና በአመዛኙ የአንድ ልጅ አእምሮ፣ ስሜትና ንግግር እንዴት እንደሚዳብር ይመረምራል። ሶሲዮሎጂ ደግሞ ፊቱን ወደ ማኅበረሰቡ አዙሮ፣ ልጅ የሚባለው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚጠበቅበትና ምን እንደሚከለከል፣ ይህንንም የሚወስነው ማን እንደ ሆነ፣ ውሳኔውስ ከዘመን ዘመንና ከቦታ ቦታ ለምን እንደሚለያይ ይጠይቃል።

ዘርፉ ራሱን ችሎ የቆመው ግን በቅርቡ ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኤሚል ዱርኬምም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጣው ታልኮት ፓርሰንስ ልጅን በዋናነት ያዩት ሥርዓትና ወግ ተምሮ ነገ ሙሉ ሰው እንደሚሆን፣ ለዛሬው ግን ገና እንዳልተሟላ ፍጥረት ነበር። ይህ አስተያየት በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ብርቱ ትችት ገጠመው። ጄንስ ክቮርትሩፕ ልጆች እያደጉ ቢያልፉም ልጅነት ራሱ እንደ መደብ ሁሉ በማኅበረሰቡ መዋቅር ውስጥ ቋሚ ስፍራ ያለው ነው ሲል፣ አሊሰን ጄምስና አላን ፕራውት በእ.ኤ.አ. 1990 ባሳተሙት ሥራ ልጆች ሌላው የሠራውን ዓለም የሚቀበሉ ብቻ ሳይሆኑ በኑሯቸውና በአካባቢያቸው ላይ የሚሠሩ ተዋንያን መሆናቸውን ተከራከሩ። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ልጅነት የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለምን? ማኅበረሰብ የሠራው ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥርስ ማብቀል፣ መዳህና ድምፅ መጎርነን የተፈጥሮ ጉዳዮች ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ማኅበረሰብ የሚሠራው ለእነዚህ ለውጦች የሚሰጠውን ትርጉም ነው። በቀድሞው ዘመን በገጠሩ የልጅ ደረጃ ከጠጉሩ ይነበብ ነበር፤ ለወንዱ ቁንጮ ይተውለታል፣ ሴቷ ጋሜ ትባላለች፣ ለጋብቻ ስትቃረብ ደግሞ ሳዱላ ትሆናለች። ከሩቅ ያያት እንግዳ እንኳ በምን ደረጃ ላይ እንዳለች ለማወቅ ዕድሜዋን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

የዓመት ቁጥር በልጆች ሕይወት ላይ ሥልጣን ያገኘው በቅርብ ጊዜ ነው። ብዙ ወላጆች የልጃቸውን ልደት የሚያስታውሱት ከአንድ ሠርግ፣ ከአንድ የድርቅ ዘመን ወይም ከአንድ በዓል ጋር አያይዘው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ አካባቢ በተካሄደው የእ.ኤ.አ. 2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕጉ «18 ዓመት» እያለ ሲናገር፣ አሥራ ስምንት ዓመት መሙላቱን የሚያሳይ ወረቀት ያለው ልጅ እጅግ ጥቂት ነበር ማለት ነው። ስለዚህም ዕድሜ በክርክር ላይ በወደቀ ጊዜ የወላጅ ቃል፣ የክርስትና ምስክር፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የሐኪም ግምት እርስ በርስ ሲጋጩ ይታያል።

«ድሮ ልጅነት የሚባል ነገር አልነበረም» የሚለው አባባል እውነት ነውን?

አባባሉ የሚያያዘው በእ.ኤ.አ. 1960 ሥራውን ካሳተመው ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፊሊፕ አሪየስ ጋር ነው። አሪየስ የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ ሥዕሎች፣ አልባሳትና ጨዋታዎች መርምሮ፣ በዚያ ዘመን ልጅ ከሞግዚት እጅ እንደ ወጣ ከአዋቂዎች ጋር ይቀላቀል እንደ ነበረና ልጅነትን ለብቻው የሚያይ አስተሳሰብ እንዳልነበረ ጽፏል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይ በእ.ኤ.አ. 1983 ሊንዳ ፖሎክ፣ የወላጆችን የቀን ማስታወሻዎችና የሕይወት ታሪኮች አጥንተው በየዘመኑ የነበሩ ወላጆች ለልጆቻቸው እንደሚሳሱ፣ ሲታመሙባቸው እንደሚጨነቁና ልጅነትን እንደ ልዩ ጊዜ እንደሚያዩ አሳይተዋል።

በሥዕል ብቻ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣና ገዳማት ግድግዳዎች ላይ ጌታ በእመቤታችን እቅፍ ሆኖ ሲሣል ብዙ ጊዜ ቀኝ እጁን ለቡራኬ ያነሣል፣ በግራው መጽሐፍ ይይዛል፤ ፊቱም የበሰለ ሰው ፊት ነው። ይህን አይቶ የዘጌና የደቅ እናቶች ሕፃንን እንደ ትንሽ አዋቂ ይቆጥሩ ነበር የሚል ሰው ቢነሣ ስሕተቱ ግልጽ ነው፤ ሠዓሊው የተከተለው የሥዕሉን ሥርዓት እንጂ የጎረቤቱን ልጅ መልክ አይደለምና። ያም ሆኖ ከአሪየስ ሥራ የሚቀር ቁም ነገር አለ፤ ልጅነት ታሪክ እንዳለውና ሊጠና እንደሚችል ብዙዎችን ያሳመነው እርሱ ነው።

በጣና ዙሪያ አንድ ልጅ ልጅነቱ መቼ ያበቃል?

ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ ምክንያቱም በአንድ ቤት ውስጥ ቢያንስ አራት መለኪያዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። በዚህ ገጽ ከሚነሡት ጉዳዮች አብዛኞቹ የእነዚህ መለኪያዎች ግጭት ውጤቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የሥራ መለኪያ ነው። በሜዳማው የጎጃምና የፎገራ አገር ልጅ ከጫጩትና ከጥጃ ጥበቃ ተነሥቶ ወደ በግና ፍየል፣ ከዚያም ወደ ከብት እረኝነት ያልፋል፤ ወንዱ እርፍ ጨብጦ ትልም ማስያዝ ሲችል፣ ሴቷም እንጀራ ጋግራ ቤት መያዝ ስትችል «ደረሰ፣ ደረሰች» ይባላል። ይህ መለኪያ ግን በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር በተያያዘው ወግ መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ በመሆኑ፣ የልጅ ብስለት በእርፍ ሊለካ አይችልም፤ እዚያ ሥራው ቡና መልቀም፣ እንጨት መሸከምና ታንኳ መቅዘፍ ነው። በጀልባ ከባሕር ዳር ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል የተጓዘ ሰው የልጅነት ሥርዓቱ ተለውጦ ያገኘዋል።

ሁለተኛው የሃይማኖት መለኪያ ነው። በኦርቶዶክሳዊው ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ጾም በልማድ ከሰባት ዓመት ይጀመራል። እዚህ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ የጾም ግዴታ መጀመሩ ከመንፈሳዊ ኃላፊነት አንጻር የመጀመሪያው የሰውነት እውቅና ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የሕግ መለኪያ ነው፤ እርሱም በውስጡ አንድ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ 15 ዓመት ያለው ለወጣት ጥፋተኞች በተለዩ እርምጃዎች ይዳኛል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ሥር ቢወድቅም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጥሮ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ሲሆን፣ ለጋብቻ ደግሞ 18 ነው።

አራተኛው የትምህርት ቤት መለኪያ ነው። የአንደኛ ክፍል መግቢያ ሰባት ዓመት ቢሆንም፣ ዘግይቶ የገባ ወይም በእረኝነት ምክንያት ያቋረጠ የ15 ዓመት ጎረምሳ አራተኛ ክፍል ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ ቤቱ ውስጥ እርሻ የሚያርስ ሰው ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ግን «ልጆች ጸጥ በሉ» ከሚባሉት አንዱ ነው። ወላጅ «አድጓል» ሲል መምህሩ «ገና ልጅ ነው» ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የያዙት መለኪያ ነው የተለያየው።

ልጅ ቤተሰቡን በሥራ መርዳቱ የጉልበት ብዝበዛ ነውን?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ነገር ግን «ባህላችን ነው» ብሎ ጥያቄውን መዝጋትም አይቻልም። ተመራማሪዎች በአንድ በኩል ለልጁ ዕድሜ የሚመጥነውን፣ ሙያ የሚያስተምረውንና በቤተሰቡ ውስጥ ክብር የሚያስገኝለትን ሥራ፣ በሌላ በኩል ጤናውን፣ ትምህርቱንና ዕረፍቱን የሚነጥቀውን ሥራ ይለያሉ። ያንግ ላይቭስ በመባል የሚታወቀው፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውና ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ወደ 12,000 ልጆችን ሲከታተል የቆየው ጥናት በኢትዮጵያ ወደ 3,000 የሚሆኑ ልጆችን ያካተተ ሲሆን፣ አማራ ክልልም ከተጠኑት አካባቢዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው የረጅም ዘመን ክትትል ጠቀሜታው የልጁን ሥራና ትምህርት በአንድ ቀን ፎቶግራፍ ሳይሆን በዓመታት ውስጥ አብሮ ለማየት ማስቻሉ ነው።

ችግሩ የሚከፋው ትምህርት ቤት በሥራው ላይ ሲጨመርና ከሥራው ግን ምንም ሳይቀነስ ሲቀር ነው። ይህ በሴት ልጆች ላይ ይበረታል፤ ወንድሟ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከብቱን ሲያስገባ የቀኑ ሥራው ሊያበቃ ይችላል፣ የእርሷ ግን ውሃ መቅዳት፣ ኩበት መልቀምና ታናናሾቿን መያዝ እስከ መኝታ ሰዓት ይዘልቃል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የቤት ሠራተኝነት ነው። ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ አማካይነት ወደ ባሕር ዳር የሚመጡ ታዳጊ ሴቶች ብዙዎቹ የማታ ትምህርት ተስፋ ተሰጥቷቸው ይገባሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለወጣት ሠራተኞች የቀን ሥራን ከሰባት ሰዓት እንዳይበልጥ ቢወስንና የሌሊት ሥራን ቢከለክልም፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ወሰን ውጭ ስለ ሆነ እነዚህ ልጆች በተግባር ከጥበቃው ውጭ ይቀራሉ። ደመወዝ የምትከፍላት እመቤት «እንደ ልጄ ነው የማያት» ብትል ከልቧ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን የገዛ ልጇ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ዕቃ ታጥባለች ወይ የሚለው ነው።

ልጅ ድሮ ሀብት ነበር፣ አሁን ወጪ ሆነ ይባላል። ይህ ለውጥ እንዴት ይገለጻል?

ቪቪያና ዜሊዘር የተባለችው የሶሲዮሎጂ ምሁር በእ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1930 በነበረው የአሜሪካ ታሪክ ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ልጆች ከሥራ ገበያው እየወጡ በገንዘብ የማይጠቅሙ ሲሆኑ በስሜት ግን ዋጋ የማይተመንላቸው እየሆኑ መምጣታቸውን አሳይታለች። ለማስረጃ ካነሣቻቸው መካከል የፍርድ ቤት ካሳ ይገኝበታል፤ ቀድሞ ልጁ በአደጋ የሞተበት ወላጅ የሚካሰው ልጁ ሊያመጣው በነበረው ደመወዝ መጠን ሲሆን፣ በኋላ ግን ካሳው ለወላጁ ኀዘን ሆነ።

በእኛ አካባቢ ይህ ለውጥ በግማሽ መንገድ ላይ ነው። የአማራ ክልል አማካይ የወሊድ መጠን በእ.ኤ.አ. 2016ቱ ዳሰሳ ለአንዲት ሴት 3.7 ልጅ የደረሰ ሲሆን፣ ይህም በዚያው ጊዜ ከነበረው የአገሪቱ አማካይ 4.6 በታች ነው። የእርሻ መሬት መጥበብ፣ የትምህርት ወጪና የእርግዝና መከላከያ መስፋፋት ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። ሁለት ልጆች ያሉት የባሕር ዳር ቤተሰብ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለደንብ ልብስና ለልደት ኬክ ሲያወጣ፣ ያው ቤተሰብ ገጠር ካሉ ዘመዶቹ ሞግዚት የምትሆን ልጅ ያስመጣል። አንዱ ልጅ ዋጋ የማይተመንለት የሚሆነው የሌላዋ ልጅ ጉልበት በርካሽ ስለ ተገኘ ነው። ስለ ዘመናዊ አስተዳደግ ሲወራ ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የልጆች መብት ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለምን?

የመብቱ ሰነድ በከፊል ከውጭ መጥቷል፤ ጉዳዩ ግን አልመጣም። በእ.ኤ.አ. 1924 የመንግሥታት ማኅበር የጄኔቫን የልጆች መብት መግለጫ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብቶች ስምምነት በእ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1989 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በእ.ኤ.አ. 1991 ተቀበለችው። የአፍሪካ የልጆች መብትና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1990 የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ቻርተሩ በ31ኛው አንቀጹ ልጅ እንደ ዕድሜውና አቅሙ ለቤተሰቡ አንድነት መሥራት፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ማክበር፣ ሲያስፈልግም መርዳት እንዳለበት ይደነግጋል። በዓለም አቀፉ ስምምነት ውስጥ የዚህ አቻ የሆነ አንቀጽ የለም። «መብት ብቻ፣ ግዴታ የለም» የሚለው ሮሮ ስለዚህ ቻርተሩን አይመለከትም።

ልጅን በዱላ መቅጣት በሕግ የተፈቀደ ነውን? አመለካከቱስ እንዴት ተለወጠ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ ስለዚህ የመምህር አርጩሜ ሕጋዊ መሠረት የለውም። የቤት ውስጥ ቅጣት ግን የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለማስተማር ሲባል ቀላል የአካል ቅጣትን በግልጽ ይፈቅድ የነበረ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አነጋገር ትቶ ተገቢ የሥነ ሥርዓት እርምጃ በማለት አልፎታል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ቢቀጣም፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድና ሕግን የማይፃረር እርምጃን ከቅጣት ነጻ ያደርጋል። የት ላይ ያበቃል የሚለው ለዳኛና ለጎረቤት ተትቷል ማለት ነው።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት ዛሬም ይጠቀሳል። ልብ ሊባል የሚገባው የቀድሞው ቅጣት የወላጅ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ጎረቤትም ዘመድም ይቆጣ ነበር፣ ጎረቤትና አያት ደግሞ ያስጥሉ ነበር። ከተማው የተቆጪውንና የአስጣዩን ቁጥር አብሮ ቀነሰ። በተዘጋ ግቢ ውስጥ ዱላ ያነሣ ወላጅ «ተው፣ ይበቃል» የሚለው ሰው የለውም።

ያለዕድሜ ጋብቻ በሕግ ከተከለከለ ለምን ይቀጥላል?

የ1952ቱ ሕግ ለሴት 15 ዓመትን ይበቃል ብሎ ነበር፤ የፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግና የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ለሁለቱም ጾታዎች ወደ 18 አሳድገውታል። የወንጀል ሕጉ ከሕጋዊው ዕድሜ በታች የሆነችን ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ያልሞላት ከሆነ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ እሥራት ያስቀጣል። የሆነ ሆኖ በእ.ኤ.አ. 2016ቱ ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ የኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ (ሚዲያን) 17.1 ነበር።

ወላጅ ልጁን የሚድረው ስለማይወዳት አይደለም። ከወላጆች መለኪያ አንጻር ጋብቻ ጥበቃ ነው፤ በሁለት ቤተሰቦች መካከል ዝምድና ይመሠርታል፣ ከጠለፋና ከሐሜት ያድናል፣ ወላጆች በሕይወት ሳሉ ወግ ማዕረግ ያሳያል። ሕግ ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ሲተካ ለወላጆች ፍርሃት ምትክ መልስ ካልሰጠ፣ ሠርጉ «የማኅበር ድግስ» እየተባለ በድብቅ ይደገሳል፣ ወይም ዕድሜ ይጨመራል።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ ቀበሌ በእ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተካሄደው የብርሃነ ሔዋን ፕሮግራም ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። ፕሮግራሙ ልጃገረዶችን በቡድን አሰባስቦ፣ ለትምህርት ቁሳቁስ እየረዳና ከነዋሪው ጋር ውይይት እያካሄደ የቆየ ሲሆን፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት መካከል ትምህርት ቤት የሚቆዩት በዝተው ጋብቻ በጉልህ ቀንሷል። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ጋብቻ ጨምሮ ተገኘ። ይህን ውድቀት ብሎ ማንበብ ስሕተት ይመስለኛል፤ ጋብቻው ተገፋ እንጂ አልጠፋም፣ ወላጆቹም አዲሱን ቁጥር የተረዱት «ትንሽ ቆይታ» በሚል ነው።

የቆሎ ተማሪን በየትኛው መለኪያ እናየዋለን?

የቆሎ ተማሪ ከላይ ለተባሉት መለኪያዎች ሁሉ ያስቸግራል። በልጅነቱ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ብዙ ጊዜም ሳይነግራቸው፣ ወደ ሩቅ አገር ወደ የኔታ ይሄዳል፤ ከንባብና ከዳዊት ተነሥቶ ወደ ዜማ ወይም እንደ ዋሸራና ጎንጅ ወዳሉ የቅኔ ቤቶች ይዘልቃል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ጉርሱን ይለምናል፤ ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ ከእርሱ የሚያንሱትን ያስቀጽላል። በሕግ ጥበቃ የሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ በኑሮው ራሱን የቻለ ሰው ነው፤ በየኔታ ፊት ደግሞ ዳግመኛ ልጅ ነው።

በመጽሐፍት ላይ የሚገኘው «መደበኛ» ልጅነት፣ ማለትም ቤት፣ ወላጅና ትምህርት ቤት ብቻ ያሉበት ሕይወት፣ ይህን ተማሪ ወይ የጎዳና ልጅ ወይ ለማኝ ከማለት ውጭ ስም አያወጣለትም። ለምኖ መብላቱ ግን የትምህርቱ አካል የሆነ የትሕትና ሥርዓት ነው፤ መንገዱንም አብዛኛውን ጊዜ የመረጠው ራሱ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ረኀቡ፣ የቆዳ በሽታው፣ የውሻ ንክሻውና የወረርሽኝ ተጋላጭነቱ እውነት ናቸው፤ ምርጫው የእርሱ መሆኑ ኅብረተሰቡን ከሕክምናና ከንጹሕ ውሃ ኃላፊነት ነጻ አያወጣም።

ልጆች የራሳቸው ባህል አላቸው ሲባል ምን ማለት ነው?

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ዊሊያም ኮርሳሮ ልጆች የአዋቂዎችን ዓለም እንዳለ አይቀዱም፣ ለራሳቸው ጉዳይ እንዲያገለግል አድርገው ይለውጡታል ይላል። ለዚህ ከቡሄ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በነሐሴ 12 ማታ በባሕር ዳር ሰፈሮች ለሆያ ሆዬ የሚወጡ ልጆች ቡድናቸውን ራሳቸው ያደራጃሉ፤ ድምፀ መልካሙ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። የትኛው ግቢ ይሰጣል፣ የትኛው ውሻ ይለቃል የሚለውን ከአዋቂ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። ግጥሙ ውስጥ የዓመቱን ወሬና ዘፈን ይከቱበታል፤ ሙልሙሉ በብር ከተተካ ወዲህ ደግሞ ክፍፍሉ የራሱ ሕግ አለው፣ ያወረደ ይበልጥ ይወስድ ወይስ እኩል ይካፈል በሚለው ላይ የሚደረገው ክርክር ረጅምና ብርቱ ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አበባ ሥለው የሚያዞሩትም እንዲሁ ናቸው።

ስልክና ቴሌቪዥን ልጅነትን አጠፉት?

የልጅነትን ቦታ ለወጡት ማለት ይቀላል። ሰኞ ማክሰኞና ብይ የሚጫወቱበት መንገድ በባጃጅና በግንባታ ሲያዝ ልጅ ወደ ቤት ገባ፤ ስልኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«የዛሬ ልጅ ታላቁን አያከብርም» ለሚለው ምን መልስ አለ?

ይህ ሮሮ በየዘመኑ ተሰምቷል። በእርግጥ የተለወጠው ልጅ በአዋቂዎች መካከል ያለው ስፍራ ነው። ቀድሞ ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ መብራት ይዞ ቆሞ ያስበላል፣ የተረፈውን ይበላል፤ ዛሬ በብዙ የከተማ ቤቶች ከገበታው ቀርቦ ይናገራል። ዓለም አቀፉ ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይጠይቃል። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» የሚለው የቆየ ተረትም ቢሆን ከልጅ አፍ የሚወጣው ግማሹ ብስል መሆኑን ያምናል፤ ብስሉን ለመለየት ግን ሁለቱንም መስማት ግድ ነው።

በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ በአካባቢው ምን ሊያጠና ይችላል?

ያልተነኩ ርዕሶች ብዙ ናቸው። የእምቦጭ አረም የሐይቁን ዳርቻ ከወረረ ወዲህ ዓሣ አጥማጅና ከብት አርቢ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ሥራ ምን ያህል ተለወጠ? ከደንገል ታንኳ በመሥራት በሚታወቀው የወይጦ ማኅበረሰብ ውስጥ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እንዴት ነው፣ ልጆቹስ በትምህርት ቤት ከጓደኞቻቸው ምን ዓይነት አቀባበል ያገኛሉ? በዘጌ ለጎብኚ ትናንሽ ታንኳ የሚሸጡ ልጆች ገቢያቸውን ማን ያዝዝበታል?

ጥናቱ ልጆችን ራሳቸውን ማነጋገር አለበት፤ ስለ ልጆች ወላጅና መምህር ብቻ ጠይቆ መጻፍ የዘርፉ የቆየ ድክመት ነው። የወላጅ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ የልጁም እሺታ ሊጠየቅ ይገባል፤ እሺ ያለውም መሐል ላይ «ይበቃኛል» ማለት እንደሚችል በሚገባው አነጋገር ይነገረው። በእኛ አገር ልጅ ለታላቅ ሰው «እምቢ» ማለት እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ ዝምታውን፣ አጭር መልሱንና ወደ በር መመልከቱን እንደ እምቢታ መቁጠር የአጥኚው ኃላፊነት ነው። ቃለ መጠይቁ የእረኝነት ወይም የውሃ መቅጃ ሰዓት ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ ከልጁ ጋር መስማማት ያሻል፤ ያለዚያ ለጥናቱ የባከነው ሰዓት ማታ በልጁ ላይ ቁጣ ሆኖ ይመለሳል።